ሸክላ ጭኜ ወደ ኮሶዬ

ንጋት፣ ጎንደር

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። አንድ ኬሻ የሸክላ ስብርባሪ፣ ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና የውሃ መመርመሪያ ሳጥኔን ላስጭን ስል ሾፌሩ አያ ታከለ ኬሻውን ከፍ አድርጎ መዘነው።

«ምነው ልጄ፣ ገጠር አፈር ጠፋ አሉህ?»

«የውሃ ማጣሪያ ነው አያ። ቀይ አፈር ነው፤ በእሳት ተተኩሶ የተሰባበረ።»

ሳቀ። ከኮሶዬ በታች የምትኖረው እህቴ ይታይሽ የምትቀዳው የጉድጓድ ውሃ ሲያዩት የጠራ ነው፤ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ግን ከልክ ያልፋል። ትልቋ ልጇ ትብለጥ ያን ውሃ ጠጥታ አድጋ ጥርሷ ቡናማ ሆኗል፤ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ትንሿ ገና ጡት መጣሏ ነው፤ እሷም ያንኑ ውሃ ጀምራለች።

ባለፈው ከከሰለ የከብት አጥንት የተሠራ ማጣሪያ ወስጄላቸው ነበር። ውሃውን በደንብ አጣራው። ሁዳዴ ሲገባ ግን የእህቴ ባል ቄስ አዳነ «አጥንት የነካው ውሃ በጾም እንዴት ይጠጣል?» አሉ፤ ቤተሰቡም ወደ ጉድጓዱ ውሃ ተመለሰ። በአጥንቱ ፋንታ የሞከርኩት ሸክላ ጎንደር በምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶልኛል። በእነሱ ውሃ ግን ገና አልሞከርኩትም።

ረፋድ፣ ኮሶዬ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር ሴቶች ትኩስ የድንች ቅቅል ይሸጣሉ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ፤ ለሕፃኗ ገዛሁ። ኬሻውን ትብለጥ ባመጣችው አህያ ጭነን፣ ገብስ በታጨደበት ማሳ መሐል ቁልቁል ወረድን።

ቀትር፣ እህቴ ደጅ

ሸክላውን ደጋግመን አጠብንና ባልዲው ውስጥ ሞላነው፤ ከላይ የጉድጓዱን ውሃ ጨመርን። ቀስ እያለ ተንጠባጠበ። ከዚያ ያልተጣራውንና የተጣራውን በየብልቃጡ ቀዳሁና ቀዩን የመመርመሪያ ፈሳሽ ጨመርኩባቸው። ፍሎራይድ ሲበዛ ቀለሙ ይፈዛል። የጉድጓዱ ወዲያው ፈዘዘ። የተጣራው ቀይ እንደሆነ ቆየ። በመሣሪያው ለካሁት፤ ከተፈቀደው በታች ነው። ደግሜ ለካሁ።

«እህስ፣ እንዴት ሆነ?» አለች ይታይሽ።

«ሸጋ ሆኗል እታለም። ተጣርቷል!»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ዓይኗን ጠረገች።

«የኔን ጥርስስ ይመልሰዋል?» አለች ትብለጥ።

«ያንቺን አይመልሰውም፤ የታናሽሽን ግን ያድናል።»

ትብለጥ ጣሳውን ከተጣራው ውሃ ሞላችና ለታናሿ አጠጣቻት።

ከሰዓት፣ እዚያው

ቄስ አዳነ ከቅዳሴ ሲመለሱ እህል ውሃ አልቀመሱም ነበር። ባልዲውን ዞረው አዩት።

«አጥንት የለበትም?»

«ሸክላ ብቻ ነው አባ። ማጣራቱ ሲደክም ግን መቀየር አለበት፤ እየመጣሁ እለካዋለሁ።»

አማትበው ጠጡ። ጣሳውን መልሰው ለይታይሽ ዘረጉላት።

«ድገሚኝ።»

አመሻሽ፣ ጎንደር

በመመለሻው ሚኒባስ የመስኮት ወንበር ደረሰኝ፤ መንገዱን ግን አላየሁትም። እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ረዳቱ ትከሻዬን ነቅንቆ ቀሰቀሰኝ።