ይሉኝታ የሌለው መልስ

ቤተሰቡ ሁሉ የእናቴን ሕመም «ጨጓራ ነው» ይለኝ ነበር። ድንቄም ጨጓራ! የመድኃኒቷን ስም ከካርቶኑ ላይ ገልብጬ ጉርድ ሾላ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የለመድኩት መፈለጊያ የገጽ መዓት ደረደረልኝ፤ ኮኔክሽኑ ተንቀራፎ አንዱም አልከፈት አለኝ። አጠገቤ የነበረች ተማሪ ብስጭቴን አይታ «ይኼኛውን ሞክረው፤ ስትጠይቀው ራሱ ይመልስልሃል» ብላ ሌላ ድረ ገጽ ከፈተችልኝ።

እውነትም መለሰ። ቤት ውስጥ ማንም ደፍሮ ያልነገረኝን በሁለት መስመር አስቀመጠው፤ መድኃኒቱ የካንሰር ሕመምተኛን ሥቃይ ያስታግሳል እንጂ አያድንም።

በወንድሞቼ ላይ እየዛትኩ እናቴ ጠበል ወደምትጠመቅበት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ፊቴን ስታይ ገባት።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ። «ለሱ እንዳትነግሩት ብዬ ሁሉንም አስምያቸው ነበር እኮ።»