ውሃ ይቋጥራል ብለን

ታናሽ እህቴን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ካውያ ነው የሚላት። በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። ሥራዋን ለሚጠይቃት፣ "ተኳሽ ነኝ፤ ግን እስካሁን ማንንም አልገደልኩም" ትላለች። አለቃዋ ፊቱን ሲያጠቁርም፣ "ግንባሩን አምጡልኝ፣ መጨማደዱን ላቃናለት" እያለች አጣቢዎቹን በሳቅ ትፈጃቸዋለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች በቀኝ እጇ ነው።

የዚያን ቀን ምሳዋን ላደርስላት ሄጄ በር ላይ ስደርስ ጩኸቷን ሰማሁ። አንሶላ የሚጫነው የእንፋሎት ማሽን ክዳኑ አምልጦ ቀኝ እጇ ላይ ወርዷል። ስገባ እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች። መዳፏና ጣቶቿ ቀልተዋል፤ ቦታ ቦታው ነጥቷል። አንዷ አጣቢ ክንዷን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና ውሃውን ከፈተች።

"ተይ! ውሃ አታስነኪያት፣ ውሃ ይቋጥራል!" አልኩ።

"እማማ፣ ይቀዘቅዝላት ብዬ እኮ ነው።"

"ስድስት ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

እህቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሃውን አየች። "ተያት፣ እትዬ ታውቃለች" አለች። ቧንቧውን ዘጋሁት።

ቃሉ ነው ያሳሳተኝ። የተቃጠለ ቆዳ ሲያብጥ ውሃ ቋጠረ ስለምንል፣ ውሃው ከቧንቧ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ቤት ወስጄ የጥርስ ሳሙና ቀባኋት፤ እሱ ያቀዘቅዛል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጥጥ አልብሼ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ጠቀለልኳቸው። ቀለበቷን ላውልቅ ስትል፣ "አሁን ያምሻል፣ ሲሻልሽ" አልኳት። በማግስቱ ያበጠውን በመርፌ አፈነዳሁላት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እየሳምኳት ነው።

በአራተኛው ቀን እጇ መሽተት ጀመረ፤ ትኩሳቱም አላስቀምጥ አላት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ጥጡን በፈሳሽ እያራሰች ለማላቀቅ ብዙ ደከመች። ቆዳው ከጥጡ ጋር ይመጣ ነበር። ቀለበቱ ባበጠው ጣት ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር በመቁረጫ ቆረጠችው።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?" አለች ነርሷ።

"እኔው ነኝ" አለች እህቴ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

"ወዲያው ሃያ ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ብታደርጊው ኖሮ ቃጠሎው ይህን ያህል አይጠልቅም ነበር። ምንም ሳትቀቢ፣ ሳታፈነጂ፣ ጣቶችሽን ለየብቻ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነሽ መምጣት ነበረብሽ እኮ እናቴ።"

እህቴ እሺ እሺ እያለች ራሷን ነቀነቀች።

ቁስሉ የዳነው በአምስተኛው ወር ነው። ጣቶቿ ግን ወደ መዳፏ ታጥፈው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ። ወደ ሥራ ተመልሳ በግራ እጇ ሞከረች። በመጀመሪያው ቀን የሰው ሸሚዝ አቃጠለች፤ በሦስተኛው ቀን አለቃዋ፣ "አንቺ ካውያ፣ በቃ ቤትሽ እረፊ" አላት። ስለ ግንባሩ ምንም ሳትል ወጣች።

ሐኪሙ በየቀኑ ጣቶቿ ይሳቡ ብሎ ስላዘዘ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አንድ በአንድ እዘረጋላት ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትችለዋለች። ስለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። አንድ ቀን፣ "ያኔ ለነርሷ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ" አልኳት። "ብትያትስ? እጄ ይመለስ ነበር?" አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ፤ የእውነቷን ነው የጠየቀችኝ።

ትናንት እጇን ልቀበል እጄን ስዘረጋ የእሷን ወደ ጉያዋ ሳበችው።

"ተይው እትዬ፤ አንቺም ደከመሽ።"

"አልደከመኝም" አልኳት።

"እኔን ደክሞኛል" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብዙ ጠበቅኳት። እጇን አልሰጠችኝም።