በ«ገ» የተጻፈው አምባር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስሟ በወርቅ የተጻፈበት ሀብል አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች። አቅፌ ከመሳሜ በፊት ፊደሎቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። «አያቴ፣ ዛሬም እርማት ላይ ነዎት?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ታውቃለች! እኔ የተቀረጸ ስም ባየሁ ቁጥር የሎሚና የከሰል ሽታ ይመጣብኛል፤ ነቀምቴ እመለሳለሁ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ ስሄድ፣ የተከራየኋት ክፍል የአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ግቢ ውስጥ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የወናፋቸው ትንፋሽ ይቀሰቅሰኛል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአርመን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሠርተዋልና በዚያ አገር ሌላ የማያውቀው ጥበብ ነበራቸው፤ ብሩን ጎድጎድ አድርገው ይቀርጹና፣ ጉድጓዱን በተፈጨ ሰማያዊ ብርጭቆ ሞልተው እሳት ውስጥ ያስገቡታል። ብርጭቆው ይቀልጥና ከብሩ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ ማረም የለም። የጠቆረውን ብር በሎሚ ሲያሹት ሰማያዊው ፍም መስሎ ብቅ ይላል።

ሚስታቸው ሞተዋል፤ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት። እሷ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ላለችው ለዲጋ ሰው ስትታጭ፣ ስሟ ያለበት አምባር ሊሠሩላት ቆረጡ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለነበር የመጨረሻ ሥራቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰማያዊው ብርጭቆም እፍኝ የማይሞላ ነበር የቀረው። ማንበብ ስለማይችሉ ወደ እኔ መጡ።

«ባርሲሳ፣» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ «የልጄን ስም ጻፍልኝ። አሳምረህ!»

ስሟ ጋዲሴ ነው። አባቷ ሲጠሯት «ጋ»ዋን ሳብ ያደርጓታል። እኔ አዋቂው ታዲያ ምን አሰብኩ? አፋቸው ሆኖ ነው እንጂ ስሙ ከ«ገድ» የመጣ ነው፣ ገደኛ ማለታቸው ነው ብዬ አቃናሁላቸው! ማንም አቃናልን ሳይለኝ «ገዲሴ» ብዬ ቁልጭ ባለ ጽሑፍ ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫቸው ብሩን እስኪነካ አጎንብሰው ቀረጹትና የቀረውን ብርጭቆ ሞልተው እሳት ውስጥ አስገቡት።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀር ልጅቷ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች። እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች።

«ባርሲሳ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ስምሽን ነዋ።»

«የእኔ ስም በ‹ጋ› ነው። ጋዲሳ ማለት ጥላ ነው፤ ፀሐይ ሲመታህ የምትጠለልበት። አንተ በ‹ገ› አደረግከው። ‹ገዴ› በእኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አዘነ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለአባቷ ልናገር ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተው! ከሰማ ያቀልጠዋል። ካቀለጠው ደግሞ ሁለተኛ አይሠራውም፤ ዓይኑም የለ፣ ብርጭቆውም የለ። እኔ አጠልቀዋለሁ። አንተ ብቻ ዝም በል፤ ማልልኝ።»

ማልኩላት።

የሠርጉ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ዳሱ ጢም ብሏል። ከዲጋ የመጡት የሙሽራው ወገኖች አምባሩን እያዩ ሲያደንቁ፣ ሽማግሌው ብድግ ብለው «የልጄ ስም ነው! ባርሲሳ፣ ና አንብብላቸው!» አይሉ መሰለህ! ሙሽራዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «ጋዲሴ» ብዬ አነበብኩ።

ከሙሽራው ወገን የነበረ አንድ ወንጌላዊ «እስቲ እኔም ልየው» ብሎ ክንዷን ያዘ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ፊደሎቹን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ የአባቷን የፈዘዙ ዓይኖች አየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋዲሴ!» አለ። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ ግቢው ጭር አለ፤ ወናፉም ዝም አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። «ስሟን መጻፍ አስተምረኝ። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ» አሉ።

ከምድጃው አመድ አምጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁና ጣታቸውን ያዝኩ። ስሟን ሁለተኛ ጊዜ ማበላሸት አቃተኝ፤ በ«ጋ» ጀመርኩ። ጣታቸው መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ይቺ እኔ የቀረጽኳት አይደለችም።»

ጣታቸውን ከእጄ አላቀቁና፣ ሳያዩ፣ ከጎኗ «ገ»ን ልክ እንደ አምባሩ አድርገው ጻፏት። እጃቸው አልረሳም ነበር። ስህተቱ የኔ መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ቢመቱኝም አይቆጨኝም ነበር።

«እሷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች፣ አባባ። እርስዎ እንዳይሰሙ ብላ አስማለችኝ።»

ሽማግሌው አመዱን በመዳፋቸው ደመሰሱት።

«እንግዲያው አልሰማሁም» አሉ። «ስትመጣ እንዳትነግራት።»

አልነገርኳትም። እሷ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ክንዷን ይዘው አምባሩን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ «ስምሽ አምሮብሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ይሏታል።

«አባቴ ነዋ የጻፈው» ትላቸው ነበር።