«ባዶ» ብዬ የመዘገብኩት የባሕር ዛፍ ማሳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ፕሪዝም ነበር። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመ መስታወት ነው። ቀያሹ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመለኪያ መሣሪያ ተክሎ ከሩቅ ያነጣጥርበታል፤ ፕሪዝም ያዡ የመሬቱ ጥግ ላይ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። የቡድን መሪያችን አቶ ግርማ ያን ዕለት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ጠባብ ዳገት ላይ አቁመውኝ፣ «ስሚ ልጄ፣ አሁን ሰው አይደለሽም፤ ነጥብ ነሽ። ነጥብ ደግሞ አይነቃነቅም» አሉኝ። አልተነቃነቅሁም። ማታ አንገቴ ደርቆ ነበር።

በዚህ ሥራ አምስት ዓመት ቆየሁ። ከፕሪዝም ያዥነት ወደ ችካል ተካይነት፣ ከዚያም ወደ ረዳት ቀያሽነት አደግሁ። ዘንድሮ የመሬት አስተዳደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼና ለክፍል ጓደኞቼ ነው። የምጽፈውም ስለ ሠራሁት ስህተት ነው።

ረዳት ቀያሽ ፎርም ይሞላል። ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት «ቤት»፣ «ሰብል»፣ «ዛፍ»፣ «ባዶ» የሚሉ አራት ሣጥኖች አሉ። ከአራቱ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። «ባዶ» ከተባለ የባለይዞታው ስም አይጻፍም፤ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ደግሞ ካሳም ምትክ ቦታም አያገኝም።

ከካራ ሰፈር በላይ፣ እንጦጦን ተደግፎ ያለ ተዳፋት ለአንድ የውጭ ባለሀብት ሊሰጥ ነው ተብሎ ለልኬት ወጣን። ቪላዎችና ሆቴል ይሠራበታል ተባለ። አቶ ግርማ ከታች መሣሪያው ዘንድ ቆመው በስልክ ይጠይቁኛል፤ እኔ ከላይ ሆኜ እመልሳለሁ።

«እዚያ ምን አለ?»

«ምንም የለም፤ ገላጣ ነው።»

«ባለቤትስ?»

«ሰው አላገኘሁም።»

«ባዶ በይውና ቀጥይ፤ ደመናው እየመጣ ነው።»

ምልክቱን አደረግሁ። ከዚያ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ።

የተመዘገቡት ባለይዞታዎች ዝርዝር ለቅሬታ በተለጠፈ በማግስቱ፣ እዚያው ተዳፋት ላይ ችካል ስተክል አንድ ጎልማሳ ሰው መጡ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ባሕር ዛፍ ያለማሉ፤ ለሕንፃ ሠራተኞች መወጣጫ የሚሆን አጣና ይሸጣሉ። በለካንበት ቀን አጣናቸውን በአይሱዙ ጭነው ወርደው ነበር።

«ፎርሙን የሞላሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምሳሽን የት በላሽ?»

ጥያቄው ግራ አጋባኝ። «እዚያው፣ ላይ።»

«ምን ላይ ተቀምጠሽ?»

«ጉቶ ላይ።»

«የእኔ ዛፍ ላይ ተቀምጠሽ ዛፍ የለውም ብለሽ ጻፍሽ! አየ ጎበዝ! ወንበሩስ ተመቸሽ?»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይኸውልሽ፣ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል እንጂ አይሞትም። ክረምት ሲገባ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አባቴም እኔም የኖርንበት ማሳ ነው። አሁን ስሜ የለም። ከዚህ ወዴት ነው የምሄደው?»

ቅሬታ ማቅረቢያው የሚዘጋው ዓርብ ነበር። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ቢሮ ሄጄ ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው።

«ሰውየው እኮ ዛፉን ሸጧል» አሉ። «የሸጠውን ደግሞ ካሳ ይጠይቅበት?»

«የሸጠው ግንዱን ነው። ሥሩን አልሸጠም።»

«ተይ እንጂ ልጄ። መሬቱ የተመረጠው ባዶ ነው ስለተባለ ነው። ካርታው ባሕር ማዶ ተልኳል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት ካርታውን ብቻ ነው። አሁን ተሳስቻለሁ ብለሽ ብትፈርሚ ነገ ማን ያሠራሻል?»

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተናገሩት ግን ቃሌ የት ድረስ እንደሄደ አሳየኝ። ካራን አይቶ የማያውቅ ሰው የእኔን ምልክት አይቶ እዚህ ሰው የለም ብሏል።

«እፈርማለሁ» አልኳቸው።

ረቡዕና ሐሙስ ከሥራ በፊት ንጋት ላይ ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ በዶማ አፈሩን እየገለጡ፣ እኔ በቀይ ቀለም ቁጥር እየጻፍኩ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርን። ብዙዎቹን አፈርና ቅጠል ሸፍኗቸው ነበር። አንድ የዘለልነውን ሳገኝ ጋሽ ደምሴ «ይኸን እንኳ ተቀምጠሽበት አታውቂም» ይሉኛል። ሐሙስ መጨረሻ ላይ ከአንዱ ጉቶ ጎን ጣት የማታክል ቀይ ቡቃያ አየን። ፎቶ አነሳኋት።

ዓርብ ጠዋት የእርምት ማመልከቻዬን ከፎቶዎቹ ጋር አስገባሁ። «እኔ መዝጋቢዋ ባለይዞታውን ሳልጠይቅ በስህተት ባዶ ብዬ ሞልቻለሁ» የሚል ነበር። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ቦታው ድረስ መጣ፤ ቀይ ቁጥሮቹን እየተከተለ ራሱ ቆጠረ። መዝገቡ «ዛፍ» ተብሎ ታረመ፤ የጋሽ ደምሴ ስምም ገባ።

ማሳው ግን አልቀረላቸውም። ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ለቀቁ። ሲሄዱ «ከመባረር መሸኘት ይሻላል» አሉኝ፤ አልሳቁም። የእኔ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ አልታደሰም። በዚያው ተዳፋት ሌሎች ቡድኖች ባዶ ብለው የመዘገቧቸው ማሳዎች ነበሩ፤ ለባለይዞታዎቻቸው ማን እንደጠየቀላቸው አላውቅም።

ዘንድሮ መምህራችን መሬት በዓለም ዙሪያ ለምን ከገበሬ እጅ እንደሚወጣ ጠየቁን። ተማሪዎች የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ፣ የከተማ መስፋፋት፣ በመሬት ለማትረፍ የሚደረግ ሽሚያ እያሉ መለሱ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ የጨመርኩት ይህ ሁሉ ከፎርም እንደሚጀምር ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ባዶ ብሎ መጻፍ አለበት።

ፎርም የምትሞሉ ሁሉ፣ መሬቱ ዓምና ምን እንደነበረበት፣ ለከርሞስ ምን እንደሚበቅልበት ባለይዞታውን ጠይቁ። ባለይዞታው ከሌለ ሣጥኑን ክፍት ተዉትና ሌላ ቀን ተመለሱ።