በፍልሰታ የበላሁት ኑድል

ባለፈው ቅዳሜ ዳንፎርዝ ጎዳና ለሰመር ፌስቲቫል ለመኪና ተዘግቶ ነበር። ልጄ ቤቲ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስታዞረኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ የወረቀት ሳህን ሙሉ የተጠበሰ ኑድል ይዛልኝ መጣች። ሶያ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርትና በጋለ ብረት የተለበለበ ነገር ይሸታል። ከመቅመሴ በፊት ወደ ድንኳኑ ሄጄ ሻጩን በምን ዘይት እንደጠበሰው፣ ምን ምን እንደጨመረበት ጠየቅሁት። ቤቲ አፈረችብኝ። «ማሚ፣ ዩ ኦልዌይስ ዱ ዚስ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ለምን እንደማደርገው ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠን ነገርኳት።

ወደ ቶሮንቶ ስመጣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስፖንሰር ያደረጉኝ አክስቴ እትዬ አልማዝ ናቸው። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አብረን እንኖር ነበር። ሊፍቱ ውስጥ የጎረቤቱ ሁሉ ወጥ ይሸታል፤ ካሪው፣ ዓሣው፣ የእኛም ቁሌት። እትዬ አልማዝ ጾም የማይገድፉ፣ ቅዳሴ የማይቀሩ ሴት ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የሰው አፍ ከእግዚአብሔር እኩል ይፈሩ ነበር።

ዮናስን ያወቅሁት በእሳቸው በኩል ነው። የጓደኛቸው ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚሁ ያደገ፣ መኪና ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ወጣት። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ለእሱ ይሰጣል፤ ባንክ ቤት ይወስዳል፣ በሰብዌይ ባቡር መሄድ ያስተምራል፣ ከተማ ያሳያል። በየቤቱ እንደ ልጅ ይታያል። በአዲስ መጪ ላይ የሚጫወተውን ጨዋታም ሁሉም ያውቃል፤ አንዱን የማይሆን በር ከፍቶ እንዲገባ ያደርገዋል፣ ሌላዋን የማትረዳውን እንግሊዝኛ አስብሎ ሰው ያስቅባታል። ሰዉ «ዮኒ እኮ ተጫዋች ነው» ይላል፤ በዚሁ ያልፋል።

የመጀመሪያዬ ሰመር ነበር፣ ፍልሰታ። ከቅዳሴ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ አንጀቴ ታጥፏል። ዮናስ ሊያደርሰኝ መኪናው ውስጥ አስገባኝና በስፓዳይና ጎዳና በኩል ወሰደኝ። ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ጥግ ምግብ ሻጮች ድንኳን ተክለዋል፤ እንፋሎቱ ከአስፋልቱ ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ ፊት ይለበልባል። አንዲት አጠር ያለች ሴት ሰፊ ጎድጓዳ መጥበሻ በአንድ እጇ እያወዛወዘች፣ ጠፍጣፋ ነጭ ኑድል ከሽንኩርት ቅጠልና ከባቄላ ቡቃያ ጋር ታገላብጣለች። ጾመኛ መሆኔን ለዮናስ ነገርኩት። «አውቃለሁ እኮ፤ ይሄ ቨጂቴሪያን ነው፣ ብይ» አለኝ።

በላሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መጣፈጡ ነው። ኑድሉ ይንሸራተታል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ መሀል ላይ ደግሞ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ ጥቃቅን ነገር አለው። ያንን የሚንኮሻኮሸውን በሹካ እየለቀምኩ እንደበላሁት አስታውሳለሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ፈገግ ይላል። ደግ ሰው መስሎኝ አመሰገንኩት።

ጾሙ በተፈታ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው አዳራሽ ምሳ ተቀምጠን፣ እትዬ አልማዝና ጓደኞቻቸው በተሰበሰቡበት ተናገረው። የእኔን ስም ጠርቶ፣ ጽጌ በፍልሰታ የአሳማ ስብ እየለቀመች በላች፣ ጣቷንም ላሰች ብሎ፣ አበላሌን እያስመሰለ አሳያቸው። ወጣቶቹ ሳቁ። ትልልቆቹ ሴቶች ግን ወደ እኔ ዞሩ። ወደ እሱ የዞረ አልነበረም። አንዷ «አንቺስ ሳትጠይቂ ትበያለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቤት ስንገባ እትዬ አልማዝ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ማታ ራት ሲቀርብ ለእኔ ለብቻዬ በሌላ ሳህን አድርገው ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ማዕድ አልቆረስኩም። እንግዳ ሲመጣም የእኔ ሳህን ለብቻው ይመጣል፤ እንግዳው ምክንያቱን ይጠይቃል፣ ታሪኩ እንደገና ይነገራል። ዮናስ ግን እንደ ድሮው ይገባል ይወጣል፣ ከእትዬ አልማዝ እጅም ይጎርሳል። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሲያጎርሱት አያለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ፤ ወጊው ጭራሽ መውጋቱንም አላወቀውም።

ወደዚያ ድንኳን ብቻዬን የተመለስኩት ምን እንዳበላኝ በዓይኔ ለማየት ነበር። ሴትዮዋ ሚስስ ሊም ትባላለች፣ የማሌዥያ ሰው ናት። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ስጠይቃት፣ ኑድሉን የምትጠብሰው በቀለጠ የአሳማ ስብ መሆኑን፣ የሚንኮሻኮሸውም የዚያው ስብ ጥብስ መሆኑን ነገረችኝ። ለእኔ ነውር መሆኑን ስታውቅ ደነገጠች። መጥበሻውን አጥባ፣ በዘይት ብቻ ሌላ ሠርታ ሰጠችኝ። ያኛውም ጣፈጠኝ።

ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ስወጣ በስትሪትካር፣ በመንገድ ላይ ባቡር፣ እየሄድኩ ድንኳኖቹን ሁሉ ቀመስኩ። አንዱ ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ላይ እያጮኸ ሲለጥጠው እንደ ፈትል ይቀጥናል። ሌላዋ በኮኮናት ወተት የተሠራ፣ ቃሪያው ዓይን የሚያስለቅስ ሾርባ አላት። ከመብላቴ በፊት እየጠየቅሁ፣ የጾም መስሎ የጾም ያልሆነውን ሁሉ ለየሁ፤ ሚስስ ሊም ራሷ የምትሸጠው፣ ቶፉ የሚባል የአኩሪ አተር አይብ ያለበት ኑድል አንድ ቅንጣት ሥጋ አይታይበትም፣ መረቁ ግን ሲንተከተክ የሚያድር የአሳማ አጥንት ነው። ይህን ስሰማ አንድ ሐሳብ በልቤ ቦታውን ያዘ። በረዶ ወርዶ ድንኳኖቹ ሲነሱም አልተነሳም። ክረምቱን ሙሉ ቂሜን እንደ እሳት አዳፍኜ ቆየሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ዮናስ ሊያገባ ነው ተባለ። ልጅቷ ሄለን ትባላለች፣ ነርሲንግ የምትማር ጭምት ልጅ። እናቷ ወይዘሮ ዘውዴ አማች የሚሆናቸውን ሰው ለማየት ከካልጋሪ መጡ። የመጡት በፍልሰታ ነው፤ እኔ አልመረጥኩትም፣ ራሱ ገጠመልኝ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን እንግዳዋን የት እንውሰዳቸው ሲባል፣ እኔ እየሳቅሁ ለእትዬ አልማዝ ዮናስ የጾም ኑድል የሚሸጥበትን እንደሚያውቅ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘውዴ በማያውቁት ቦታ መብላት እንደሚፈሩ ተናገሩ። ዮናስ ግን አማቱ ፊት አላውቅም የሚል ሰው አልነበረም። «ለእኔ ይተዉት» አላቸው።

ሁላችንም በመኪናው ሄድን። እሱ ፊት ፊት እየሄደ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው እያለ ያስጎበኛል። አንድም ሻጭ አልጠየቀም። ሚስስ ሊም ጋ ሲደርስ የተለጠፈውን የምግብ ሥዕል አይቶ በጣቱ ቶፉውን አመለከተ፣ ለሁሉም አዘዘ። ሚስስ ሊም ወደ እኔ አየች። ዓይኔን ሰበርኩባት።

ሳህኑ መጣ። ወይዘሮ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። ሹካው ላይ ጠቀለሉ። በዚያች ቅጽበት ዝም ብልስ ብዬ አሰብኩ፤ ቢበሉት የእሱ ውድቀት የባሰ ይሆናል። ሹካው ወደ አፋቸው ሲቃረብ ግን እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ አይብሉ። መረቁ የአሳማ አጥንት ነው።»

ሚስስ ሊም ስትጠየቅ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዮናስ ደም መስሎ እንደማያውቅ ማለ። እውነቱን ነበር፤ አያውቅም ነበር።

እኔም በተረጋጋ ድምፅ «ያምናውስ? እኔን እዚሁ ስታበላኝስ አታውቅም ነበር?» አልኩት።

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። «ያ እኮ ጆክ ነው» አለ።

ወይዘሮ ዘውዴ ሹካውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «በሰው ጾም የሚቀልድ በሰው ልጅም ይቀልዳል» አሉና ተነሱ። በእሱ መኪና አንመለስም ስላሉ በሰብዌይ ተመለስን።

ጣቢያው ላይ ባቡር ስንጠብቅ ሄለን ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ቀድመሽ ታውቂ ነበር፤ ለብቻዬ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አለችኝ።

«እኔንም ያዋረደኝ ለብቻዬ አልነበረም» አልኳት።

ባቡሩ ሲመጣ ሌላ ፉርጎ ገባች።

የጋብቻው ውጥን ቅጠሉ ሳይረግፍ ፈረሰ። ዮናስም ከየቤቱ እግሩ እየቀነሰ ሄደ፤ አሁን ሰው ፊት ሲቀልድ የሚስቅለት ጠፋ። ከሚስስ ሊም ድንኳን በተመለስንበት ዕለት ማታ እትዬ አልማዝ ትልቁን ትሪ አቀረቡ፣ የእኔን ሳህን ግን አላወጡም። እጃቸውን ታጥበው፣ ከፊት ለፊታቸው ቦታ አሳዩኝና «ነይ፣ ቁረሺ» አሉኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነበር። «ጠግቤያለሁ እትዬ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። በማግስቱ አብሬያቸው በላሁ፤ ያን ዕለት ግን አልበላሁም።

ቤቲ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም። ኑድሉ እጇ ላይ ቀዝቅዟል። ሄለን አሳዘነቻት። እኔንም ታሳዝነኛለች፤ በኋላ ደህና ሰው እንዳገባች ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከዚያም ቤቲ «ሶ ዩ ዶንት ሪግሬት ኢት?» ብላ አለመጸጸቴን ጠየቀችኝ። ሰው በዕድሜ ሲገፋ በቀል መራራ ነበር እንዲል ይጠበቃል። ለእኔ መራራ አልነበረም። የዮናስ ፊት ደም ሲለብስ ያየሁበትን ያን ቀን አሁንም አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ አስበውና ደስ ይለኛል። ልጄን ልዋሻት አልፈለግሁም፤ ይህንኑ ነገርኳት።

የንስሐ አባቴም ያ ሁሉ በሆነበት ሰሞን ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ጾም ሰጡኝ፣ ጾምኩ። ከዚያ «አሁንስ ተጸጸትሽ?» አሉኝ። «አልተጸጸትኩም አባ» አልኳቸው። እሳቸውም «ግድ የለም ልጄ፣ ገና ጊዜ አለሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። አሁን ጊዜው እያጠረ ነው፤ መልሴ ግን ያው ነው።