ለሙሴ የተላከ ሻይ

ታቢታ በታቦር ሠፈር የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሙሴ አናጢ ቢሆንም ሰው የሚያውቀው በዝማሬው ነው። ደርግ የጴንጤዎቹን ጸሎት ቤት ባሸገ ጊዜ፣ በየሰው ቤት ተደብቀው ከሚዘምሩት ጋር አንድ ቀን ተይዞ ታሰረ።

ደረቱ ብርድ አይችልም። ስለዚህ ታቢታ በየማለዳው ዝንጅብል ከነልጣጩ አጥባ፣ በሙቀጫ ደቁሳ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትጥደዋለች። ሽታው ጉሮሮ እስኪይዝ ታንተከትከዋለች። ሻይ ቅጠሉ የሚገባው ልታወርደው ስትል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይመራል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ሲጠፋ ማር ጠብ ታደርግበትና በፔርሙስ ይዛ ትገሰግሳለች።

የእስር ቤቱ ዘብ፣ ሽማግሌው አቶ ተፈራ፣ እንደ ደንቡ አስቀምሰዋት ያስገቡላታል። ቆይተው ባዶውን ፔርሙስ ያወጡላታል።

«ጠጣልኝ?»

«ተጠጥቷል፣ ልጄ።»

በዚህ ተጽናንታ ክረምቱን ገፋች።

መስከረም ላይ አብሮት የታሰረው ፍቅሬ ተፈቶ ሊጠይቃት መጣ። ሻይ ቀዳችለት። «ለሙሴም ይህንኑ ነው የማደርስለት። ዛሬም ጠጥቶታል» አለችው።

ፍቅሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታቢታ... አልነገሩሽም? ሙሴ እኮ ሐምሌ ላይ አረፈ። ሳሉ ጠናበት፤ ሐኪም ብንል የሚሰማን ጠፋ።»

«ሻዩንስ ማን ሲጠጣው ከረመ?»

«እኛ። አቶ ተፈራ ‹ለታመመው ስጡት› እያሉ ያስገቡልን ነበር።»

በማግስቱ ባዶ እጇን ሄደች። ሽማግሌው ገና ሲያዩዋት ገባቸው።

«እንዳትናገር ተብዬ ነው፣ ልጄ። አትምጪ እንዳልልሽ ደግሞ ያን ፔርሙስ አቅፈሽ ሳይሽ አፌ ተሳሰረ።»

«አስከሬኑስ?»

«በመኪና ወሰዱት። የት እንደሆነ አላውቅም።»

አልተቆጣቻቸውም። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አለች።

ድንኳን ተክሎ ለቅሶ መቀመጥ የሚያስጠረጥርበት ዘመን ነበር። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሸዋዬ ግን የሚሰፋ ጨርቅ ይዘው፣ ልብስ እንደሚያሰፉ መስለው ይመጡላታል። ሌሎችም ሴቶች እንዲሁ ጨርቅ እየቋጠሩ መጡ። ታቢታ በሩን ትዘጋና የስፌት መኪናዋን ያለ ክር ትረግጣለች። በመኪናው ጩኸት ተሸፍነው ሙሴን አለቀሱት።