የአራስ ቤት የመጀመሪያዋ ጉርሻ

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ስንኖር አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ሚስቴ ሥራዋን ትታ ቀና ትል ነበር። ሰው ይመጣል ትላለች። ነጻነት በመጣ ሰሞን ከተማው ሁሉ እንደዚያ ቀና ብሎ ሰው የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሲመጣ መንገዱም ፌርማታውም የቆሙት ሰዎችም ይጠፋሉ፤ ከውስጡ የሕፃን ለቅሶ ብቻ ይሰማል። በየግቢው ይወለዳል። እኛ ጋ አይወለድም።

በጦርነቱ ጊዜ ምክንያት ነበረን። ጋራዥ ውዬ ሰዓት እላፊ እንዳይደርስብኝ እየሮጥኩ እገባለሁ፤ ፍርሃት ባለበት ቤት ልጅ አይመጣም፣ ሰላም ይሁን ብቻ እንባባላለን። ሰላም ሆነ። ምክንያታችንን ይዞብን ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የእሷ ሆነ። እኛ ዘንድ መካን የምትባል ሴት ናት። በግቢያችን ደግሞ ልማድ ነበር፤ ሴት ስትወልድ ሴቶቹ አራስ ቤት ተሰብስበው ገንፎ፣ እኛ ግዓት የምንለውን፣ ሲበሉ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ልጅ ለሌላት ትሰጣለች፣ ማሕፀኗ እንዲከፈት። ወንድ እዚያ አይገባም። ሚስቴ የስንት አራስ ቤት ጉርሻ እንደዋጠች እግዜር ይወቅ። ተመልሳ ቅቤ የነካውን ነጠላዋን ታጥባለች። ደግነት ይሉታል። እኔ ጥፊ እለዋለሁ።

ጠበልም ሄድን። ያጠመቁን ሽማግሌ ቄስ መስቀሉን ካሳለሙን በኋላ ሐኪም አይታችሁ እንደሆነ ጠየቁን። አላየንም አልን። ጠበሉ ሐኪም አይከለክልም፣ ሁለታችሁም ሂዱ አሉን።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኛ የምታንስ ሴት ነበረች። ባልና ሚስት መከላከያ ሳይወስዱ አብረው ኖረው ዓመት ካለፈ መጠየቅ ነው አለች፤ ሴቷ ሠላሳ አምስት ካለፋት ግማሽ ዓመት ይበቃል፤ ወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ ጭራሽ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለቱም አብረው ይመርመሩ አለች። ይሄ ገባኝ። እኛ ጋራዥ አንድ ጎማ ብቻ አይቶ መኪና የሚመልስ ሰው ይባረራል።

"እስካሁን ማንን ስትጠብቁ ነበር?" አለችን።

"ሰላምን" አልኳት።

አልሳቀችም። ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ምን እንደሚደረግበት ወንድ የሆነ ያውቃል። አፈርኩ፤ ግን አደረግኩት።

ጉድለቱ የእኔ ሆነ። በጎረምሳነቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። ዘሬ እጅግ ጥቂት ነው አለች። አይሆንም አላለችም፣ ይሆናልም አላለችም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ ወዲያ ነው፤ ዘግይቶ መማር እንደሚቻል አውቃለሁ። ዘግይቶ መውለድ ሌላ ነው።

በዋናው መንገድ ዘንባባዎች ሥር ስንመለስ ጉሙ ወርዶ ነበር። እግሬ መሬት የሚነካ አልመሰለኝም፤ የሚስቴ እጅ ክንዴ ላይ ባይኖር የት እንዳለሁም አላውቅም ነበር።

"ለማንም አትንገር" አለችኝ። "እኔ ለምጄዋለሁ።"

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ወለደች። እልልታውን ሰማሁ። ሚስቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ተከትያት አራስ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የአራሷ እናት፣ ምላሷን የምንፈራት አሮጊት፣ ጉርሻዋን ጠቅልላ እጇን ወደ ሚስቴ ዘርግታ ነበር።

"ለእሷ አትስጧት" አልኩ። "ሐኪም ጉድለቱን ያገኘው እኔ ላይ ነው።"

አሮጊቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ላይ?"

"እወ።"

"እንግዲያውስ ምን ያቆምሃል? ቁጭ በል። አፍህን ክፈት፣ ልጄ።"

ከፈትኩ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው በአገጬ ወረደ። ሴቶቹ ሳቁ። ከማዶ ሚስቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

ልጅ አልመጣም። ለእሷ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም ያንን ጉርሻ አላቀረበላትም። ሴት በወለደች ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነው። እሄዳለሁ።